ከእናትሽ ጋር ሌፍካራ ስትሄጂ

ጥያቄው በአጭሩ እንዲህ ይላል፦ «የምኖረው ፍራንክፈርት ነው። እማዬ ከአዲስ አበባ ልትጠይቀኝ መጥታለች። በኦክቶበር አራት ቀን ቆጵሮስ፣ ላርናካ ልወስዳት አስቤያለሁ። ሌፍካራ የምትባል የተራራ ላይ መንደር ፎቶ አይቼ ልቤ እዚያ ቀረ። አንዳንዱ ሰው ግን ሱቅ ብቻ ነው፣ አንድ ሰዓት ይበቃል ይላል። እማዬ ዳንቴል ትወዳለች፣ ጉልበቷን ያማታል፣ ጾም አትሽርም። ግማደ መስቀሉ አለበት የሚባለውን የስታቭሮቩኒ ገዳም በዚያው ቀን ብታይ ደግሞ ደስ ይላት ነበር። ምን ትመክሩናላችሁ?»

እህቴ፣ ሂጂ። እናትሽን ይዘሽ ሂጂ። ላርናካ ተቀምጬ ሰው ማስጎብኘትን ሥራዬ ካደረግኩ ዓመታት አልፈዋል። ሌፍካራን በየሳምንቱ ነው የማያት፣ እስካሁን አልሰለቸችኝም። አንድ ሰዓት ይበቃል የሚሉሽ ሰዎች አልዋሹሽም። እነሱ የሄዱት አውቶቡስ አውርዷቸው፣ ዋናውን መንገድ ቁልቁል ተራምደው፣ ፎቶ አንስተው፣ አንድ ሁለት ነገር ገዝተው ለመመለስ ነው። ሌፍካራ ግን ቁጭ ተብሎ ነው የምትታየው። ቁጭ ማለት ደግሞ ለጉልበታቸውም ጥሩ ነው።

ወደ መንደሯ ከመግባቴ በፊት አንድ የሚያስቸኩል ነገር አለ። ቆጵሮስ የአውሮፓ ኅብረት አባል የሆነችው በ2004 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው)፣ ግን ይህን እስከምጽፍበት ቀን ድረስ ሸንገን የሚባለው የአውሮፓ የጋራ ቪዛ ቀጠና ውስጥ አልገባችም። አንቺ የጀርመን መኖሪያ ፈቃድ ካለሽ ለአጭር ጉብኝት አትቸገሪም። የእናትሽን ፓስፖርት ግን ዛሬውኑ አውጪና ቪዛቸው ስንት ጊዜ እንደሚያስገባ እዪ። አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባ ከሆነ ቆጵሮስ መሄድ ከሸንገን መውጣት ማለት ነውና ወደ ፍራንክፈርት መመለሻ ያጣሉ። ቆጵሮሶችም የሚቀበሉት ሁለት ጊዜ ወይም ብዙ ጊዜ የሚያስገባውን ነው። ቲኬት ከመቁረጥሽ በፊት ኤምባሲያቸውን ጠይቂ፣ ሕጉ ሊቀየር ይችላል። ደግሞ ቱርክ ቆጵሮሳውያን በሚያስተዳድሩት በሰሜኑ ክፍል ባለው በኤርጃን አየር ማረፊያ በኩል ርካሽ በረራ ብታገኚ እንዳትገዢ። የቆጵሮስ መንግሥት ሕጋዊ መግቢያ አድርጎ አይቆጥረውም።

አሁን ወደ ስታቭሮቩኒ። ይህንን ልብሽን አጠንክረሽ ስሚኝ፤ ገዳሙ ሴት አያስገባም። በግሪክ አገር እንዳሉት የአቶስ ተራራ ገዳማት ነው ሥርዓቱ። ይህን ቀድሞ ማወቅና በር ላይ ደርሶ ማወቅ ልዩነቱ ትልቅ ነው። አንዴ ከእስራኤል የመጡ አንዲት እናት አጋጥመውኛል። ጉዞውን ያዘጋጀላቸው ድርጅት ምንም አልነገራቸውም። ያን ሁሉ ጠመዝማዛ ዳገት በመኪና ወጥተው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው በሩ ላይ ሲደርሱ ልጃቸው ብቻውን ገባ። እሳቸው ደጅ ቀሩ። ድንጋይ ላይ ተቀምጠው የነጠላቸውን ጫፍ በጣታቸው ሲጠቀልሉና ሲፈቱ አየኋቸው። አላለቀሱም፣ አልተናገሩም፣ ብቻ ጣታቸው አላረፈም። ከግቢው ውጭ ሴቶችም የሚገቡበት የቅዱሳን ሁሉ የምትባል ትንሽ ቤተ ክርስቲያን አለች። እዚያ ወስጄ ሻማ አበራን፣ ትንሽ ተረጋጉ። ግን ሰው ሌላ ተስፋ ይዞ ሲመጣ እሷ አትበቃም። እናትሽ ቀድመው ካወቁና ሥርዓቱ ነው ብለው ከተቀበሉት ግን መውጣቱ አይከፋም። ቦታው 688 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፣ ከደጁ ሆኖ የላርናካ ባሕር ድረስ ይታያል። ከተራራው ሥር ያለችውን የቅድስት ባርባራ ገዳም ደግሞ ሴቶችም መሳለም ይችላሉ።

ለምን እዚህ ድረስ እንደሚወጣ ለእናትሽ መንገድ ላይ ንገሪያቸው፤ ታሪኩን ግማሹን እሳቸው ያውቁታል። እኛ ንግሥት እሌኒ ደመራ አስደምራ፣ በጢሱ ተመርታ መስቀሉን አገኘች እንላለን፣ ከዚያ ሐሳባችን ወደ ግሸን ይሄዳል። ቆጵሮሶች ደግሞ ከመርከቧ ጋር ይቀጥላሉ። ንግሥቲቱ ከኢየሩሳሌም ስትመለስ እዚህ ደሴት ላይ አረፈች፣ በ327 ስታቭሮቩኒን መሠረተች፣ የመስቀሉንም ቁራጭ ትታላቸው ሄደች ይላሉ። በትውፊታቸው ያን ጊዜ ደሴቲቱ ረጅም ድርቅ ላይ ነበረች። እናትሽ ይህን ሲሰሙ የሚሰማቸውን ደስታ አስቢው፤ እቤታቸው ጀምሮ የቀረ የመሰላቸው ታሪክ ባሕር ማዶ ቀጣይ ሲያገኝ ማለት ነው። አቡነ ኤዎስጣቴዎስም በ14ኛው ክፍለ ዘመን ከኢየሩሳሌም ወደ አርመንያ ሲሻገሩ በዚህችው ደሴት አልፈዋል። በበርናባስ አገር፣ በአልዓዛር ከተማ ነው የምትመላለሱት።

እኔ የምመክርሽ ስታቭሮቩኒን ከታች፣ ከመንገድ ላይ አሳይተሻቸው በቀጥታ ወደ ሌፍካራ እንድትሄጂ ነው። ምክንያቱም መስቀሉ ሌፍካራም አለ። የላይኛዋ ሌፍካራ፣ ፓኖ ሌፍካራ የሚሏት፣ ቲሚዮስ ስታቭሮስ የምትባል የቅዱስ መስቀል ቤተ ክርስቲያን አላት። ውስጧ የግማደ መስቀሉ ቁራጭ አለበት ብለው የሚያከብሩት በብር የተሠራ የቆየ መስቀል አለ። ሴትም ወንድም ይገባል። ከመቅደሱ ፊት የቆመው በወርቅ የተለበጠ ቅርጻ ቅርጽ ያለው የእንጨት ግድግዳ የ18ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ ነው፣ ቀረብ ብላችሁ እዩት። እናትሽ በሩ ላይ ጫማ ሊያወልቁ ነው፣ አውቃለሁ። እዚያ ጫማ አያወልቁም፣ ቢያወልቁ ግን የሚከለክላቸው የለም። አንዴ አንዲት የኛ እናት በባዶ እግራቸው ሲገቡ ሻማ የምትሸጠዋ ሴትዮ አየቻቸው። ወለሉ ቀዝቃዛ ነው ብላ በምልክት ልታስረዳቸው ሞከረች። አልሰማ ሲሏት አንዲት ትንሽ ምንጣፍ አምጥታ ከሥዕሉ ፊት አነጠፈችላቸው። ሻማ ማብራት፣ መሳለም ይቻላል። መቁረብ ግን አይቻልም፣ ቤተ ክርስቲያኖቻችን ከኬልቄዶን ጉባኤ ጀምሮ በቁርባን አንድ አይደሉም፣ ይህን አስቀድመሽ ብትነግሪያቸው ጥሩ ነው።

የቤተ ክርስቲያኑ በዓል ሴፕቴምበር 14 ነው። የኛ መስቀል መስከረም 17 ሲሆን በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 27 ላይ ይውላል። ልዩነቱ 13 ቀን ነው። እነሱ የሚያከብሩት በአዲሱ አቆጣጠር ነው እንጂ በአሮጌው ቢቆጥሩ ቀኑ ከኛው ጋር አንድ ይሆን ነበር። በኦክቶበር በዓሉ ያመልጣችኋል፣ ግን ሙቀቱም በርዷል፣ ሰዉም ቀንሷል፣ ለእናትሽ ይሻላል።

ስለ መንደሯ ራሷ ትንሽ ልበል። ከላርናካ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፣ በትሮዶስ ተራሮች ግርጌ፣ ወደ 650 ሜትር ከፍታ ላይ። ስሟ ነጫጭ ኮረብታዎች ከሚለው የግሪክ ቃል መጣ ይላሉ፣ ድንጋዩም እውነትም ነጣ ያለ ኖራ ድንጋይ ነው። ቤቶቹ በዚያው ድንጋይ ተሠርተው በቀይ ሸክላ የተከደኑ ናቸው። መንገዱ ኮብልስቶን ነው፣ ጠባብ ነው፣ በር ሁሉ ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ ቀለም ተቀብቷል። ከመንገድ ስታዪው ጭር ያለ ግድግዳ የሚመስለው ቤት በሩ ሲከፈት ውስጡ ግቢ አለው፣ ወይን ተንጠልጥሎ፣ በማሰሮ አበባ ተተክሎ። ኑሮው ያለው እዚያ ውስጥ ነው። ታሪኳም ትንሽ አይደለም። ከምዕራብ አውሮፓ የመጡ የካቶሊክ ጌቶች ደሴቲቱን በያዙ ጊዜ፣ በ1260 በወጣ የሮማው ሊቀ ጳጳሳት ድንጋጌ የኦርቶዶክስ ጳጳሳት ከትልልቅ ከተሞች ወጥተው ገጠር እንዲቀመጡ ተደረገ፣ ከአራቱ መቀመጫዎች አንዷ ሌፍካራ ነበረች። በ1570 ኦቶማን ቱርኮች ሲመጡ እጇን ሰጠች ብለው ያኔ ደሴቲቱን ይገዙ የነበሩት ቬኒሶች ራሳቸው አቃጥለዋታል። ከዋናው መንገድ ራቅ ስትሉ አንድ መስጊድ ታያላችሁ። የቱርክ ቆጵሮሳውያን ጎረቤቶቻቸው ይሰግዱበት ነበር፣ ደሴቲቱ በ1974 ስትከፈል ወደ ሰሜን ሄዱ። ጥልፉንም በእጃቸው ይዘውት ሄዱ፣ ዛሬ ሰሜን ላይም የሌፍካራ ሥራ እየተባለ ይሠራል። መርፌ የሚይዝ እጅ ድንበር ሲያቋርጥ የሚያየው የለም መሰለኝ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ወደ ጥልፉ። ሌፍካሪቲካ ይባላል። በ2009 ዩኔስኮ የሰው ልጅ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ አስፍሮታል። ድሮ የአገሬው ሴቶች የሚሠሩት ነጭ በነጭ ጥልፍ ነበር። ቬኒሶች ከ1489 እስከ 1571 ደሴቲቱን ሲገዙ የነሱ ሴቶች የሚሠሩት ዓይነት ተቀላቀለበትና አሁን ያለውን መልክ ያዘ። ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ በ1481 እዚህ መጥቶ ለሚላኖ ካቴድራል የመንበር ልብስ ገዛ የሚለውን ወሬ በየሱቁ ትሰሚያለሽ። ደስ የሚል ታሪክ ነው፣ በጽሑፍ የተደገፈ ግን አይደለም። እኔም የምናገረው እንደ አፈ ታሪክ ነው፣ አንቺም እንደዚያው ስሚው። በሌላ በኩል በ1986 ካቴድራሉ 600 ዓመት ሲሞላው ሌፍካራዎች አንድ የመንበር ልብስ ሠርተው መስጠታቸው እውነት ነው።

እናትሽ ዳንቴል ስለሚያውቁ ልዩነቱ ወዲያው ይገባቸዋል። ዳንቴል ከባዶ ይነሳል፣ ኪሮሹ ክሩን እየሳበ ጨርቅ ይፈጥራል። ሌፍካሪቲካ ከሙሉ ጨርቅ ነው የሚነሳው። ሊነን የሚባለው ከተልባ ተክል የሚሠራ ጠንካራ ጨርቅ አለ። ሴትየዋ የጨርቁን ክሮች አንድ በአንድ በዓይኗ ትቆጥራለች። በትንሽ መቀስ አንዳንዱን ቆርጣ ትመዛለች፣ የቀረውን በመርፌ ትጠመጥመዋለች። በዚህ መሃል ጨርቁ ላይ ትንንሽ መስኮቶች ይከፈታሉ። መስኮቶቹ ውስጥ ደግሞ አበባ፣ ኮከብ፣ ሦስት ማዕዘን ትሞላባቸዋለች። ወንዝ የሚሉት ዚግዛግ ንድፍ አለ፣ በግሪክኛ ፖታሞስ፣ ትላልቅ የጠረጴዛ ልብሶች ጠርዝ ላይ እንደ ውኃ እየታጠፈ ሲሄድ ታዪዋለሽ። የተቆረጠ ክር ተመልሶ አይቀጠልም፣ ስለዚህ መቀስ ሲነሳ ወሬ ይቆማል። ይህን ቆመሽ ብታዪው አይገባሽም። አጠገብ ወንበር ስበሽ ስትቀመጪ ግን የመቀሷን ጫፍ ታያለሽ፣ ትንፋሽ ሲያዝ ትሰሚያለሽ፣ ቆረጥ፣ ከዚያ ወሬው ካቆመበት ይቀጥላል።

ሴቶቹ በየደጃቸው፣ ጥላ ባለበት፣ ጉልበታቸው ላይ ትራስ አድርገው ይሠራሉ። ቁጥራቸው እየቀነሰ ነው፣ አብዛኞቹ በዕድሜ የገፉ ናቸው፣ ልጆቻቸው ከተማ ወርደው ሌላ ሥራ ይዘዋል። እኔን ከሁሉ የሚያሳስበኝ ይሄ ነው። ድሮ ሴቶቹ ይጠልፉ ነበር፣ ወንዶቹ ደግሞ ሻንጣ ሙሉ ጥልፍ ይዘው አውሮፓን እስከ ስካንዲኔቪያ ድረስ እየዞሩ ይሸጡ ነበር። ያ ሁሉ ባለ ፎቅ የድንጋይ ቤት የቆመው በዚህ ገንዘብ ነው። ያን ዘመን ማየት ከፈለጋችሁ የፓጻሎስ ቤት የተባለው የጥልፍና የብር ሥራ ሙዚየም አለ። ጎጆው እንዴት እንደነበር፣ አልጋው፣ የሙሽራዋ ሣጥን፣ ሁሉም ተቀምጧል። የብር ሥራው ደግሞ ቀጫጭን የብር ሽቦ እየተጠማዘዘ የሚሠራ ነው፣ እናትሽ የኛን የመስቀል ሐብል ያስታውሳቸዋል።

መግዛት ከፈለጋችሁ ልብ በሉ። ማሽን የሠራውም፣ ከውጭ አገር የመጣውም አብሮ ይሸጣል። መጀመሪያ ገልብጣችሁ ጀርባውን እዩ። እውነተኛው ፊቱና ጀርባው ብዙም አይለይም፣ ቋጠሮና የተንጠለጠለ ክር አታገኙበትም። የማሽኑ አበባ አንዱ ከሌላው ፍጹም እኩል ነው፣ የእጅ ሥራ ግን ዓይን ያዝ ሲያደርጉት ትንሽ ትንሽ ይለያያል። ሊነን ሲነካ ቀዝቀዝ ይላል፣ ሲጨብጡት ይጨማደዳል። ቀለሙ ነጭ፣ ክሬም ወይም ቡናማ ነው። ከዚያ ባለ ሱቁን «በእጅ ነው የተሠራው?» ብለሽ ብቻ አትለፊ፣ ሌላ አገር በእጅ የተሠራም አለና። «እዚሁ ሌፍካራ ነው የተሠራው? ማን ሠራችው?» በይ። እውነተኛው ሻጭ ይህን ጥያቄ ይወደዋል። ብዙ ጊዜ እናቴ ናት፣ አክስቴ ናት ብሎ ይነግርሻል፣ አንዳንዴ ይጠራልሻል። ትልቅ የጠረጴዛ ልብስ ወራት ይፈጃል፣ ከዚያም በላይ የሚፈጅ አለ። ስለዚህ ትልቅ ነገር በጣም ረክሶ ካየሽ ሌላ ቦታ የተሠራ መሆኑን እወቂ። አቅም ካልፈቀደ ከትልቅ አስመሳይ ይልቅ ስኒ ማስቀመጫ የምታህል እውነተኛዋን ግዙ። ዋጋ ማስቀነስ ይቻላል፣ ግን መርካቶ እንደምናደርገው እስከ ግማሽ አታውርዷቸው። የአንዲት አሮጊት ዓይን ነው የምትከራከሩበት።

ሰዓቱን በተመለከተ ጠዋት ሦስት ሰዓት አካባቢ እዚያ ሁኑ። ጠዋት ሴቶቹ ውጭ ናቸው፣ ብርሃኑም ለፎቶ ይለሰልሳል፣ ትላልቆቹ አውቶቡሶች ገና ናቸው። ቀትር ላይ መንደሯ ታርፋለች። እኔ ራሴ ሥራ ስጀምር ሰዎች ይዤ ከሰዓት ስምንት ሰዓት ላይ ደርሼ ግማሹ በር ተዘግቶ ያገኘሁበት ቀን አለ፤ ከዚያ ወዲህ ጠዋት እንጂ አልሄድም። እሑድ ከሆነ ቅዳሴ ስለሚኖር ቤተ ክርስቲያኑን በጸሎት ላይ ታገኙታላችሁ፣ ሙዚየሙን ግን ክፍት መሆኑን አጣሩ።

መኪና ከተከራየሽ እዚህ የሚነዳው በግራ ነው፣ እንግሊዞች እስከ 1960 የገዙት አገር ነው። የኪራይ መኪና ሰሌዳው ቀይ ስለሆነ የአገሬው ሾፌር እንግዳ መሆንሽን አይቶ ይታገስሻል። በሊማሶል አውራ ጎዳና ሄደሽ ስካሪኑ ላይ ወጥተሽ ዳገቱን ትይዢያለሽ። አውቶቡስ አለ፣ ግን በቀን የሚሄደው ጥቂት ጊዜ ነው፣ ከእናትሽ ጋር እሱን መጠበቅ አያዋጣም። ታክሲ ከያዛችሁ ዋጋውን ከመነሳታችሁ በፊት ተስማሙ፣ መጠበቂያውንም ጨምራችሁ። ሾፌሩን ለቤተ ክርስቲያኑ በተቻለ መጠን አቅርበህ አውርደን በዪው። የላይኛው ዋና መንገድ ለጉልበት ብዙም አይከብድም፣ ወደ ታች የሚወርዱት ጠባብ መንገዶች ናቸው ከባዶቹ። ኮብልስቶኑ ተረግጦ ተረግጦ ለስልሷልና ያንሸራትታል፣ ሶሉ ላስቲክ የሆነ ጫማ ይልበሱ።

ምግቡ ላይ አንድ ቃል ያዢ፤ ኒስቲሲሞ። የጾም ማለት ነው። የቆጵሮስ ሰው ይህን ቃል ከሰማ ሌላ ማስረዳት አያስፈልግሽም፣ ቅቤም አይብም እንደማይገባ ያውቃል። ነገር ግን እነሱ በጾም ስኩዊድና ሽሪምፕ ይበላሉ፣ እናትሽ የማይበሉ ከሆነ ለይተሽ ተናገሪ። ምስርና ሩዝ አብሮ የሚሠራ ሙጄንድራ የሚሉት አለ፣ ላዩ ላይ ቀይ ሽንኩርት ይጠበሳል። ሉቪ የሚሉት አደንጓሬ የሚመስል ጥራጥሬ በዘይትና በሎሚ ይቀርባል። ሁለቱንም ሳይፈሩ ይበሏቸዋል። የፍስክ ቀን ከሆነ የሌፍካራ ታቫስን እዘዙ፣ የበግ ሥጋ ከሩዝ፣ ከቲማቲምና ከከሙን ጋር በሸክላ ድስት ምድጃ ውስጥ የሚበስል ነው። ቡናው በትንሽ ማፍያ ፈልቶ ከነአተላው ይቀዳል፣ ከብርጭቆ ውኃ ጋር። መካከለኛ ስኳር ከፈለጋችሁ ሜትሪዮ፣ ያለ ስኳር ከሆነ ስኬቶ በሉ።

አንድ ሌላ ቃል ደግሞ አለ፣ እሱን እነሱ ራሳቸው ይሏችኋል። በር ላይ የሚበላ ሰው ስታልፉ «ኮፒያስቴ!» ይላል። እንብላ ማለቱ ነው፣ ልክ እንደኛው። እናትሽ ትርጉሙን ከነገርሻቸው መልሱን እሳቸው ያውቁታል።

ጊዜ ከተረፋችሁ ካቶ ሌፍካራ፣ ታችኛዋ፣ ትንሽ ርቃ ናት፣ የቅዱስ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያኗ የ12ኛው ክፍለ ዘመን ሥዕሎች አሉባት። ላርናካ ስትመለሱ ደግሞ የቅዱስ አልዓዛርን ቤተ ክርስቲያን አትዝለሉ፣ ከሞት ከተነሳ በኋላ እዚህ ጳጳስ ሆነ ይላሉ፣ ቤተ ክርስቲያኑም ከ9ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ ያለ ነው። ይህን ግን ሌላ ቀን አድርጊው። በአንድ ቀን ሁሉንም አታጭቂ።

የመጨረሻው፣ ሻንጣ ስታዘጋጂ የእናትሽን ኪሮሽና የጀመሩትን ዳንቴል አብረሽ ክተቺ። አንዲት ሴት በረንዳዋ ላይ ስትጠልፍ ስታገኙ «ካሊሜራ» (እንደምን አደርሽ) በሏትና እናትሽ የራሳቸውን ሥራ አውጥተው ያሳዩዋት። እኔ ይህን ደጋግሜ ሞክሬዋለሁ። ሴትየዋ መነጽሯን ታስተካክላለች፣ ዳንቴሉን ትቀበላለች፣ መጀመሪያ የምታደርገው ገልብጣ ጀርባውን ማየት ነው። ከዚያ ወንበር ታስመጣለች። እዚያ ስትደርሱ አንቺ ቡና ማዘዝ ትችያለሽ፣ ትንሽ ስለሚቆዩ።